ለልክ ያልተቆረጠ ጨርቅ

ቶብ አራት ሜትር ተኩል ያህል የሚረዝም ጨርቅ ነው። አንገት አልወጣለትም፣ እጅጌ የለውም፣ የማንንም ወገብ ልክ አያውቅም። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የአሶሳ እናት ሰውነቷ ላይ ጠምጥማ የተረፈውን በትከሻዋ ታሳልፈውና ራሷ ላይ ጣል ታደርገዋለች። ከሥሩ ተራ ቀሚስ ይበቃታል። ዓይን የሚስበው ከላይ ያለው ጨርቅ ነው፦ ብርቱካናማ መደብ ላይ የተበተነ ትልቅ ጥቁር አበባ፣ ሐምራዊ ላይ የተጋደመ ወርቃማ መስመር፣ አረንጓዴ ላይ የፈሰሰ ነጭ ቅጠል። በአሶሳ፣ በሆሞሻ፣ በመንጌ፣ በኩርሙክና በሸርቆሌ በበርታ ሴቶች ዘንድ ድምቀት ለበዓል ብቻ ተቆጥቦ አይቀመጥም፤ ገበያም ይወጣል፣ ለቅሶ ቤት ካልሆነ በቀር ጎረቤትም ይዞት ይኬዳል።

በትንሽ ገንዘብ አምሮ ስለመታየት የሚያወራ ምዕራፍ ከቶብ መነሳቱ አለምክንያት አይደለም። እንዲህ ያለ ምክር ሲሰጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀድመው ጥያቄ «ርካሽ ልብስ የት ይገኛል?» የሚል ነው። ጥያቄው ራሱ ወደ ኪሳራ ይወስዳል ብዬ አምናለሁ። ልብስ ከጥቅም ውጭ የሚሆነው ጨርቁ አልቆ እንዳይመስላችሁ። ቁም ሣጥናችሁን ከፍታችሁ ብታዩ የተጣሉት ልብሶች አብዛኞቹ ጨርቃቸው ደህና ነው፤ ያረጀው ቅዱ ነው። ትከሻው የተነፋ ቀሚስ፣ ባቱ ላይ የጠበቀ ሱሪ፣ ከሁለት ልጅ በኋላ ዚፑ አልዘጋ ያለ ጉርድ። ለልክ ያልተቆረጠ ጨርቅ ግን ባለቤቱ ብትወፍር አይጠባትም፣ ብታረግዝ ወደ ሣጥን አይገባም፣ እህቷ ብትዋሰው አይረዝምባትም። ፋሽኑ ሲያልፍ እንኳ አራት ሜትር ተኩሉ እንዳለ ነው፤ ለሁለት ሴት ልጆች የዒድ ቀሚስ ይወጣዋል፣ ከዚያ የትራስ ልብስ፣ ከዚያ መጋረጃ።

የክልሉ ሌሎች ሕዝቦችም ከዚሁ ብልኃት አልራቁም። የጉሙዝ ሴት ሸክሟን የምትሸከመው ትከሻዋ ላይ በምታጋድመው ዘንግ ጫፍና ጫፍ አንጠልጥላ ነው። ዘንጉን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው እያዛወረች ረጅም መንገድ ትሄዳለች። ለእንዲህ ያለ ሥራ ብብት ሥር የሚይዝ እጅጌ እንቅፋት ነው፤ ስለዚህ ጨርቁ ይጠመጠማል፣ ድምቀቱ ደግሞ ወደ አንገትና ወደ ክንድ ይሄዳል። በልዩ ልዩ ቀለም የተሰካ ጨሌ ጠቆር ያለ ተራ ጨርቅን በአንድ ጊዜ ይለውጠዋል። ከሁሉ የረከሰው ድምቀት ይህ ነው፣ ልክ የለውም፣ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል።

ወደ ቶብ ልመለስ፤ ስለ «ወቅታዊ ፋሽን» የምንማርበት ብዙ ነገር አለው። ፋሽን ሲባል ከፓሪስ ወይም ከሚላኖ የሚመጣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የአሶሳ ፋሽን ግን ለረጅም ዘመን የመጣው ከሰሜን ምዕራብ፣ ከካርቱም በሮሴሬስና በኩርሙክ በኩል ነው። ኩርሙክ ከአሶሳ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ በድንበሩ ወዲህና ወዲያ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ከተሞች ናቸው። ማሪ ግሬስ ብራውን የተባለች የታሪክ ምሁር በ2017 እ.ኤ.አ. ስለ ሱዳን ሴቶች አለባበስ ባሳተመችው መጽሐፍ እንዳሳየችው፣ በሃያኛው መቶ ዘመን አጋማሽ አዳዲስ ቶቦች ስም ይወጣላቸው ነበር። የመጽሐፉ ርዕስ «ካርቱም በሌሊት» የሚለው ራሱ የአንድ ተወዳጅ ቶብ ስም ነው። ከከተማ ሕይወት፣ ከፖለቲካ፣ ከአዲስ ነገር የተወሰደ ስም ጨርቁ ላይ ይለጠፋል፤ ሴቲቱም ያንን ዓመት ለብሳ ትወጣለች።

በምዕራብ አፍሪካም ይኸው ሆኗል። ፍሊስኮ የተባለው የኔዘርላንድ ፋብሪካ በ1846 እ.ኤ.አ. ሄልሞንድ ከተማ ላይ ተቋቋመ። የጃቫን የሰም ሕትመት በማሽን አስመስሎ መሥራት የያዘው ይህ ፋብሪካ ውሎ አድሮ ትልቁን ገበያ ያገኘው አፍሪካ ውስጥ ነው። ጨርቁን ተፈላጊ ያደረጉት ግን የሎሜና የአክራ ነጋዴ ሴቶች ናቸው። ወፍ ከማጎሪያዋ የምትወጣበትን ሥዕል አይተው «አንተ ከወጣህ እኔም እወጣለሁ» የሚል ስም አወጡለት፤ ሌላውን «ባሌ ይችላል» አሉት። ሥዕሉ ከፋብሪካ መጣ፣ ትርጉሙን ገበያ ሰጠው። ፋሽንን ለመከተል ሀብታም መሆን እንደማያስፈልግ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። አንድ ሠፈር በአንድ ጨርቅ ላይ ከተስማማ ያ ጨርቅ ፋሽን ነው።

ሆኖም የጨርቁ መንገድ ዛሬ ከባድ ሆኗል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የተቀሰቀሰው የሱዳን ጦርነት የካርቱምን ገበያ ሲያፈርስ፣ በኩርሙክ በኩል ከጨርቅ ይልቅ ስደተኛ መጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ ከ60 በታች የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ከቻይናም ከህንድም የሚመጣ ጨርቅ ሁሉ አብሮ ወጣ። ስለዚህ ከእንግዲህ የሚገዛውን እያንዳንዱን ሜትር ማወቅ ግድ ነው። ማወቅ ማለት በመጀመሪያ አበባው ጨርቁ ላይ እንዴት እንደወጣ ማወቅ ነው።

በድሮ ጊዜ ጨርቅ ላይ ሥዕል የሚታተመው በእንጨት ማኅተም በእጅ ነበር። በ1783 እ.ኤ.አ. ቶማስ ቤል የተባለ ስኮትላንዳዊ በተቀረጸ የመዳብ ጥቅል ማተም የሚያስችል መሣሪያ የፈጠራ መብት አገኘ፤ አበባ የታተመበት ጨርቅም የተራ ሰው ልብስ ሆነ። ከዚያ በኋላ የመጣው በወንፊት የማተም ዘዴ ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ወንፊት ይፈልጋል። ስምንት ቀለም ያለው አበባ ስምንት ወንፊት ነው፤ ስለዚህ ቀለም በበዛ ቁጥር ዋጋው ይወጣ ነበር። ዛሬ በገበያ የሚታየው እጅግ ደማቅና ርካሽ ጨርቅ ግን ብዙውን ጊዜ በሌላ መንገድ የተሠራ ነው። ሥዕሉ በኮምፒውተር ወረቀት ላይ ይታተማል፤ ወረቀቱ 200 ዲግሪ ገደማ በሚደርስ ሙቀት ጨርቁ ላይ ሲጫን ቀለሙ ወደ ጋዝ ተለውጦ ክሩ ውስጥ ይገባል። ለዚህ ማሽን ሁለት ቀለምም ሃያ ቀለምም አንድ ነው። የነብር ቆዳ፣ የፒኮክ ላባ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚታይ ሰማይ፣ ሁሉም በአንድ ዋጋ ይወጣል።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው፤ ይህ ቀለም የሚይዘው ፖሊስተር ላይ ነው። ጥጥ ላይ አይዝም። ርካሽ ደማቅ ጨርቅ ሁሉ ማለት ይቻላል ፖሊስተር የሆነበት ምክንያት የነጋዴ ተንኮል ሳይሆን የቀለሙ ጠባይ ነው። በተለመደ አየር ጥጥ ከክብደቱ 8 በመቶ ገደማ እርጥበት ይይዛል፣ ፖሊስተር ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ላብ አይጠጣም ማለት ነው። ለአዲስ አበባ ብርድ ይህ ብዙም ላይሰማ ይችላል፤ ለጉባ፣ ለሸርቆሌና ለኩርሙክ ቆላ የመጋቢት ቀን ግን ሰውነት ላይ የተጣበቀ የፖሊስተር ቀሚስ ቅጣት ነው።

ታዲያ ደማቁን ጨርቅ እንተወው? በፍጹም። ፖሊስተር ጥጥ የሌለው መልካም ነገር አለው። ቀለሙ ክሩ ውስጥ ስለገባ በማጠብ ቶሎ አይደበዝዝም፣ አይጨማደድም፣ ውኃ ስለማይጠጣ ቶሎ ይደርቃል። ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት በማይጠፋበት አገር ቶሎ የሚደርቅ ልብስ ያለው ጥቅም ለማንም ግልጽ ነው። መፍትሔው ሴቶቹ አስቀድመው ያገኙት ነው፦ ከሰውነት የሚነካካው ተራ ጥጥ፣ ከላይ የሚንሳፈፈው ደማቅ ፖሊስተር። የተጠመጠመና የላላ ጨርቅ ከሥሩ አየር ያስገባል፣ ላቡን የውስጡ ጥጥ ይጠጣዋል። ስለዚህ ገንዘባችሁ ለአንድ ጥሩ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ የውስጡን ነጠላ ቀለም ቀሚስ ከጥጥ አሰፉ፤ ነጭ፣ ጥቁር ወይም ቡና ዓይነት። በላዩ ላይ የሚጠመጠመውን እንደየወቅቱ መለዋወጥ ይቻላል።

ሱቅ ውስጥ ይህ ሁሉ አይነገርም። የሚሰማው ምልልስ የታወቀ ነው፦

«እናቴ፣ ይሄ ጨርቅ ይለቃል እንዴ?»

«ኧረ አይለቅም የኔ ልጅ! ኦርጅናል ነው፣ አጥበሽ አጥበሽ ይሰለችሻል።»

ሻጯ ልትዋሽ ፈልጋ አይደለም፤ እሷም ጨርቁን አጥባው አታውቅም። ስለዚህ ነጭ መሐረብ በውኃ አርሳችሁ በጠቆረው ቀለም ላይ አሥር ጊዜ ያህል እሹት። መሐረቡ ከቀለመ ጨርቁ ይለቃል። ቀጥሎ ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ። እውነተኛ የሰም ሕትመት ከፊትም ከጀርባም አንድ ነው፤ ጀርባው ነጣ ያለ ከሆነ ቀለሙ ከላይ ብቻ የተቀባ ነው፣ ለሚጠመጠምና ጀርባው ለሚታይ ልብስ አይሆንም። ነጋዴዋ ከፈቀደች ከጫፉ ሁለት ሦስት ክር መዝዛችሁ ከጨርቁ ራቅ አድርጋችሁ ለኩሱት። ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ ልም አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ይሸሻል፣ ይቀልጣል፣ ሲበርድ ጠጣር ጥቁር ፍሬ ይሆናል። ቪስኮስ የሚባለው ጨርቅ ደግሞ እንደ ጥጥ ይነድዳል፤ ለሱ ፈተናው ውኃ ነው፣ ክሩ ሲርስ ጉልበቱን ያጣና በቀላሉ ይበጠሳል። ቪስኮስ ለስላሳና ቀዝቃዛ ጨርቅ ነው፣ ነገር ግን በኃይል አሽታ ለምታጥብ ሴት አልመክረውም።

ከጨርቁ ቀጥሎ የአበባው መጠን ይመጣል። እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ ሳይታወቅ ይባክናል። በታተመ ጨርቅ ላይ ያው ሥዕል በተወሰነ ርቀት ይደጋገማል። አበባው በየ10 ሳንቲ ሜትር የሚመለስ ከሆነ ልብስ ሰፊው የትም ቢቆርጠው ስፌቱ ላይ አይታወቅም። በየ60 ሳንቲ ሜትር የሚመለስ ትልቅ አበባ ከሆነ ግን ግማሹ ደረት ላይ፣ ግማሹ ብብት ሥር እንዳይቀር ማገጣጠም ይኖርበታል፤ ለማገጣጠም ደግሞ ተጨማሪ ጨርቅ ያስፈልጋል። ሦስት ሜትር ይበቃ የነበረው ቀሚስ አራት ሜትር ይጠይቃል። ወፉም ዛፉም ሽቅብ የቆመበት ሥዕል ከሆነ የባሰ ነው፤ ጨርቁን ገልብጦ መቁረጥ አይቻልም። ልምድ ያለው ልብስ ሰፊ ይህን ገና ጨርቁን ሲዘረጋ ይነግራችኋል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁት። ደንቡን በአጭሩ ላስቀምጠው፦ ትልቅ አበባ ለሚጠመጠም፣ ትንሽ አበባ ለሚሰፋ። ትልቁን ሥዕል ቶብ፣ ሽርጥ ወይም ሻሽ አድርጋችሁ ሳይቆረጥ ብትለብሱት ሙሉ ውበቱ ይታያል፣ አንዲት ስንዝርም ከመቀስ ሥር አትቀርም።

ለስሌት ያህል አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በ2,400 ብር ለአንድ ዒድ የተገዛ፣ ሦስት ጊዜ ብቻ የተለበሰ ቀሚስ በእያንዳንዱ መልበስ 800 ብር ወጥቶበታል። በ3,600 ብር የተገዛ፣ በሁለት ዓመት 60 ጊዜ የተጠመጠመ ጨርቅ በእያንዳንዱ መልበስ 60 ብር ነው። ውድ የሚመስለው ጨርቅ ረከሰ። ዋጋ ስትጠይቁ የሚያስፈልገው ሌላው ጥያቄ «ስንት ጊዜ እለብሰዋለሁ?» የሚለው ነው።

የአሶሳ ቀይ አፈርም ከዚህ ስሌት ውስጥ ይገባል። በበጋ ይቦናል፣ በክረምት ይጨቀያል፤ ነጭ ጠርዝ ያለው ቀሚስ በአንድ የገበያ ቀን ጫፉ ይቀላል። ጨርቅ ስትመርጡ ከታች በኩል ጠቆር ያለ፣ ቡናማ ወይም ቀላ ያለ ጥለት ያለውን ብትወስዱ ልብሱ በሁለት እጥበት መካከል ብዙ ይቆያል። ስታጥቡት ገልብጣችሁ በቀዝቃዛ ውኃ እጠቡ፣ ጥላ ሥር አስጡ። ቀለም የሚገድለው ከሳሙና ይልቅ ፀሐይ ነው።

ስለ ሰልባጅ ዝም ብል ምዕራፉ ጎዶሎ ይሆናል። ያገለገለ ልብስ ለንግድ ወደ ኢትዮጵያ ማስገባት የተከለከለ ነው፤ ሆኖም በኮንትሮባንድ ገብቶ በየከተማው ገበያ መሬት ላይ ተዘርግቶ ይሸጣል። ጥሩ ጥጥ በርካሽ የሚገኝበት ጊዜ እንዳለ አልክድም። ግን የልብስ ዕቅዳችሁን ዛሬ ተይዞ ነገ በሚጠፋ ዕቃ ላይ አትመሥርቱ፤ ከቤታችሁ ያለውን አሮጌ ጨርቅ የአካባቢያችሁ ልብስ ሰፊ አድሶ ቢሰፋላችሁ ገንዘቡም እዚያው ይቀራል።

ከዚህ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ኅዳር 29 ቀን 2007 ዓ.ም. በአሶሳ ተከብሮ ነበር። እንዲህ ያለ በዓል ሲመጣ ሁሉም የባህል ልብስ ይፈልጋል፤ ገበያውም የሸማኔ ጥበብ በፋብሪካ የታተመበት ጨርቅ ያቀርባል። ከሩቅ ጥበብ ይመስላል፤ ቢገለበጥ ጀርባው ባዶ ነው። በእጅ የተሸመነ ጥለት ግን ክሩ ከፊት ወደ ጀርባ ሲያልፍ በግልጽ ይታያል። ሸማኔው ጉድጓዱ ላይ ተቀምጦ ቀናት የፈጀበት ሥራ በሰዓት ሺህ ሜትር ከሚያትም ማሽን ጋር በዋጋ ሊወዳደር አይችልም፤ ከለቀቅነው ይሞታል። በጀታችሁ ትንሽ ከሆነ የታተመውን ሙሉ የሐበሻ ቀሚስ አትግዙ። በዚያው ገንዘብ ጥለቱ የእውነት የሆነ አንድ ነጠላ ግዙና ባላችሁ የጥጥ ቀሚስ ላይ ጣል አድርጉት። አበባና ነብር ከማሽን ይምጡ፣ ጥበብ ግን ከሸማኔ።

የቀረው ጊዜ ነው፤ መቼ ይገዛል? አውሮፓ ልብሱን የሚለዋውጠው በራሱ ብርድና ሙቀት ነው። እዚያ «የበጋ» የሚባለው ስስ አበባማ ልብስ በነሐሴ መጨረሻ ጊዜው አለፈበት ተብሎ ዋጋው ይወርዳል። የኛ በጋ ግን ገና ከፊታችን ነው፣ ቆላው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ስስ ልብስ ይፈልጋል። ከውጭ የሚልክላችሁ ዘመድ ካለ ትእዛዛችሁን ለዚያ ወቅት አቆዩት።

የኛ የፋሽን ወቅት በዓል ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ያሉ አባቶችና እናቶች ይህን በሚገባ ያውቁ ነበር። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሺናሻዎች ጋሪ ዎሮ፣ እንቁጣጣሽና መስቀል በመስከረም ይመጣሉ፣ ጥምቀት በጥር። ዒድ አልፈጥርና አረፋ ግን የጨረቃን አቆጣጠር ስለሚከተሉ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ይሸሻሉ። ዒድ አልፈጥር በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ 2 ቀን ዋለ፣ በ2017 ዓ.ም. ወደ መጋቢት 21 መጣ፤ እንዲህ እያለ ወደ ጥር እየተጠጋ ነው። የጨርቅ ዋጋ የሚንረውና ልብስ ሰፊ ሁሉ «አልችልም፣ ሞልቶብኛል» የሚለው ከበዓሉ በፊት ባሉት ሦስት ሳምንታት ስለሆነ፣ ባለ ትንሽ በጀት ሰው ከገበያው ሁለት ወር ቀድሞ መንቀሳቀስ አለበት። የበርታ ሴቶች ከእርሻ ፋታ ሲያገኙ ወርቅ አጥበው የሚያገኟትን ገንዘብ ያኔውኑ ጨርቅ ላይ ቢያውሏት ከዒድ ዋዜማ ዋጋ ይድናሉ።

በስሌት ስንሄድ ዒድ አልፈጥር በ2023 ዓ.ም. ጥር 16 አካባቢ፣ በ2024 ዓ.ም. ደግሞ ጥር 5 አካባቢ ይውላል፤ ጥምቀት ሁለቱንም ጊዜ ጥር 11 ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ ሳምንት ውስጥ በአንድ ልብስ ሰፊ ደጅ ይሰለፋል ማለት ነው። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ጨርቃችሁን በጥቅምት ግዙ፣ ልብስ ሰፊ ዘንድ በኅዳር ድረሱ።